በእንግሊዝ አገር የሃይማኖት ትምህርት ክፍልን ለመምራት ለተሾመ መምህር

በአገራችን ያደገ ሰው «የሃይማኖት ትምህርት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው ትዝ የሚለው ወይ የንባብ ቤቱ የኔታ፣ ወይ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ወይ መድረሳው ነው፤ ዕድሜው የገፋ እንደሆነም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ በልቡናው ይመላለሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሃይማኖት ራሱን ችሎ የሚሰጥበት ሰዓት የለም። ስለዚህ ከወገኖቻችን አንዱ በለንደን ወይም በበርሚንግሃም በመምህርነት ሲያገለግል ቆይቶ «የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ኃላፊ» ተብሎ ሲሾም ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የክህነት ማዕርግ የተቀበለ ይመስለዋል። እኔ በተሾምሁ ጊዜ አክስቴ ከጎንደር ደውለው፣ እልል ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ ልጄ፣ የምትቀድሰው መቼ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ለእርሳቸው ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ። በእንግሊዝ አገር ከሃይማኖት ተቋማት ትምህርት ቤቶች በቀር በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩት ሁሉ የሃይማኖት ትምህርት ማለት ልጆችን ወደ አንድ ሃይማኖት ማስገባት ወይም በአንዱ ማጽናት ሳይሆን፣ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ አይሁዳዊውም፣ ሂንዱውም፣ ሲኩም፣ ቡድሂስቱም፣ እግዚአብሔር የለም የሚለውም በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እምነት የሚመረምሩበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሥራ በብዙ መንገድ ሊገለጽ ቢችልም፣ እኔ ከዓመታት በኋላ የደረስሁበት አንድ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ተማሪው የማያምንበትን ሃይማኖት ሲናገር፣ የዚያ ሃይማኖት ባለቤት ከጎኑ ተቀምጦ ቢሰማው «አዎን፣ ይህ በእውነት የእኔ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ ወደዚህ መመዘኛ የሚያደርስ እንዲሆን ሞክሬአለሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ሹመቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሚያዝያና በሰኔ መካከል፣ ሥራው የሚጀመረውም በመስከረም ስለሆነ፣ በመካከል ያለውን የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት በሦስት ነገር ላይ ያውሉት።

በመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይተው ይወቁ። በአካባቢው አስተዳደር ሥር ያለ እንደሆነ የሚያስተምሩት አካባቢው ባጸደቀው ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ አካዳሚ የሚባለው ዓይነት እንደሆነ ግዴታው ከመንግሥት ጋር በተፈራረመው የገንዘብ ውል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የካቶሊክ ወይም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንደሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛዎት የመሥራቾቹ ሰነድና የሀገረ ስብከቱ መመሪያ ነው። እኔ የሠራሁት በፊተኞቹ ሁለቱ ስለሆነ ምክሬም ለእነርሱ ነው።

ቀጥሎ ሕጉን ራሱን ያንብቡ፤ የሌላ ሰው ማጠቃለያ አይበቃም። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ብጽፍ፣ የ1870ው ሕግ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ መለያ የሆነ የእምነት መግለጫ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የ1944ቱ ሕግ የሃይማኖትን ትምህርት ግዴታ አደረገው፤ የ1988ቱም ሥርዓተ ትምህርቱ የብሪታንያ የሃይማኖት ትውፊት በአመዛኙ ክርስቲያናዊ መሆኑን እንዲያሳይ፣ ከዚያም ጋር በአገሪቱ ያሉትን የሌሎቹን ዋና ዋና ሃይማኖቶች ትምህርትና ሥርዓት እንዲያካትት አዘዘ። በዚህም ሕግ መሠረት በየአካባቢው «ሳክሪ» የሚባል አማካሪ ጉባኤ ይቆማል፤ አባላቱም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናትና ሃይማኖቶች፣ ከመምህራን ማኅበራትና ከአካባቢው አስተዳደር የሚውጣጡ አራት ወገኖች ናቸው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነውና አንድ ምሽት ሄደው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፤ ውይይቱ እንቅልፍ ቢያመጣብዎትም እንኳ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈልጉዎትን ኢማምና ረቢ ሻይ ሲጠጡ የሚያገኟቸው እዚያ ነው።

በሦስተኛው፣ ከሃይማኖቶቹ መካከል ፈጽሞ የማያውቁትን አንዱን መርጠው ያጥኑ። ለእኔ እርሱ የሲኮች ሃይማኖት ነበረ። ከአሥሩ ጉሩዎች የሦስቱን ስም እንኳ በቅደም ተከተል የማልጠራ ሰው ሆኜ የሌሎቹን መምህራን ዕውቀት ልቆጣጠር መሾሜ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሰዓትና ሰው

ሕጉ ትምህርቱ ለተመዘገበ ተማሪ ሁሉ እንዲሰጥ ያዝዛል እንጂ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዲሰጥ አይወስንም። ይህች ክፍተት የመከራችን ሁሉ ምንጭ ናት። ከ2010 ወዲህ ትምህርት ቤቶች «ኢባክ» በሚባለው የትምህርት ዓይነቶች ስብስብ ሲመዘኑ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ተቆጥረው የእኛ ትምህርት ከቁጥሩ ውጭ ስለቀረ፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓት ሲያጥራቸው ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት የሰዓት ድልድል ከመጽደቁ በፊት፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ ድልድሉን ወደሚሠራው ምክትል ርእሰ መምህር ቢሮ ይሂዱ። ሲሄዱም እሮሮ ሳይሆን ስሌት ይዘው ይሂዱ። በዓመት ተማሪ የሚማርባቸው ቀናት 190 ናቸው፤ ይህም 38 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሰጥዎት 38 ሰዓት ያገኛሉ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ፈተናው፣ የስፖርት ቀኑ፣ ጉብኝቱና በረዶ የወረደ ዕለት ሲቀነስ፣ እኔ ከ33 በላይ ደርሶኝ አያውቅም። በሁለት ሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል የሚል ሐሳብ የቀረበልዎት እንደሆነ ይህንኑ ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ምን ምን እንደሚወጣ በስሙ ዘርዝረው ያቅርቡ። «ትምህርቱ ይጎዳል» የሚል ቃል ማንንም አያንቀሳቅስም፤ «የአይሁድ ሃይማኖት ከ8ኛው ዓመት ይወጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ምክትሉን ብዕር ያስነሣል።

ከሰዓቱ ይልቅ አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባዎት አንድ ክፍል በሁለት መምህራን እንዳይከፈል ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰኞ ከአንዱ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ከሌላው እየተማረ፣ የትኛው ሃይማኖት የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ዓመቱ ያልቃል።

የስድስቱ ወጥመድ

የእንግሊዝ የትምህርት ዓመት በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም በመካከሉ ባለች የአንድ ሳምንት ዕረፍት ለሁለት ስለሚገመስ፣ ዓመቱ በስድስት ይቆጠራል። ዋና ዋና የሚባሉት ሃይማኖቶችም ስድስት ናቸው። አዲስ የተሾመ ኃላፊ ይህን ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ክፍልፋይ ሰጥቶ፣ በቀለም ያሸበረቀ ሠንጠረዥ ሠርቶ በግድግዳ ላይ ይሰቅላል። እኔም ሰቅዬአለሁ። ውጤቱ ግን ተማሪው በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት ውስጥ የአንድን ሕዝብ የሺህ ዓመታት እምነት በአምስት ምልክት፣ በአንድ በዓልና በአንድ ምግብ ጠቅልሎ መያዙ ነው። የሂንዱ ሃይማኖት ዲዋሊ፣ የአይሁድ ሃይማኖት የአሳማ ሥጋ አለመብላት፣ የቡድሃ ሃይማኖት ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ቢሰማው «የእኔ ነው» አይልም።

መድኃኒቱ ጥቂቱን መርጦ ጠልቆ ማስተማር፣ ከዚያም ደጋግሞ መመለስ ነው። በ1967 በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ጥናት ክፍልን ያቋቋሙት ኒኒያን ስማርት፣ ሃይማኖት በትምህርተ እምነቱ ብቻ የሚታወቅ አለመሆኑን፣ ሥርዓተ አምልኮው፣ ታሪክና ተረኩ፣ ሥነ ምግባሩ፣ የምእመኑ ልምድና ማኅበሩም አብረው መታየት እንዳለባቸው አስተምረዋል። ይህን የስማርትን መንገድ ለእቅድዎ እንደ ወንፊት ይጠቀሙበት፤ አንድ የትምህርት ምዕራፍ ጽፈው ሲጨርሱ፣ ስለ ምግባርና ስለ በዓል ብቻ ተናግሮ ስለ እምነቱ ፍሬ ነገር ዝም ያለ እንደሆነ ያልቆመ ምዕራፍ ነው።

እኔ ብዙ ከፈራረሰ እቅድ በኋላ 7ኛውን ዓመት በአብርሃም እጀምረው ነበር፤ ሦስት ሃይማኖቶች አባታችን የሚሉት አንድ ሰው፣ በሦስቱ መጻሕፍት እንዴት እንደተነገረ አነጻጽረው የሚያነቡበት ነው። በ8ኛው ዓመት ስለ እስልምና አጀማመር ስናስተምር፣ በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መምጣታቸውን አንዱን ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠው ነበር። ይህን ያደረግሁት ኢትዮጵያዊ ስለሆንሁ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች ነበሩ፤ ሐሰት ነው ብዬ አልምልም። ዳሩ ግን አንድ ክርስቲያን ንጉሥ የሙስሊሞችን ቃል አዳምጦ ያስጠጋበት ታሪክ በለንደን ክፍል ውስጥ ከማናቸውም የመቻቻል ስብከት ይልቅ ጸጥታ ያመጣል።

ሃይማኖት የሌላቸውንም አይርሱ። በ2015 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሰብአውያን ወላጆችን አቤቱታ ተቀብሎ በመንግሥት ላይ ከፈረደ ወዲህ፣ ይልቁንም የ2018ቱ የሃይማኖት ትምህርት ኮሚሽን ትምህርቱ «ሃይማኖትና የዓለም አተያይ» ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ ይህ የምርጫ ነገር መሆኑ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የሌላ ትምህርት መምህራን

በክፍልዎ ውስጥ ትምህርቱን ያጠና ሰው እርስዎ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀሩት የስፖርት መምህር፣ የፈረንሳይኛ መምህርት፣ ሰዓት የተረፋት የታሪክ መምህርት ናቸው። እነዚህን ሰዎች በፍጹም አይናቋቸው፤ በፈቃዳቸው የመጡ ሳይሆኑ ተመድበው ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ ይጻፉላቸው፤ በገጹም ላይ እምነቱ ምን እንደሚል፣ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በምን እንደሆነ፣ ምእመናን የሚያዝኑበት አነጋገር የትኛው እንደሆነ ይገኝበት። ከዚያም ምዕራፉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ስብሰባ እንግዳ ስሞችን ጮክ ብለው በአንድነት ያንብቡ። በንባብ ቤት ያደገ ሰው ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ምን ያህል ፍርሃት እንደሚያርቅ ያውቃል። «ጉሩ ግራንት ሳሂብ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ያላነበበ መምህር፣ በክፍሉ ውስጥ አንድ የሲክ ልጅ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ቃሉ ላይ ሲደርስ ያጉረመርመዋል፤ ልጁም ይሰማዋል።

በአንድ ዓመት ታኅሣሥ የአንዲት የእኛ አገር ልጅ ደብተር በእጄ ገባ። ጥያቄው «ክርስቲያኖች የኢየሱስን ልደት የሚያከብሩት መቼ ነው?» የሚል ነበረ፤ ልጅቱ በጥንቃቄ «ጃንዋሪ 7» ብላ ጽፋለች፤ ከጎኑ በቀይ ብዕር የተሳሳተ ምልክት ተደርጎበታል። ያረመው ቅን የሆነ የስፖርት መምህር ነበረ፤ እኔ በሰጠሁት የመልስ ወረቀት ላይ ዲሴምበር 25 ብቻ ስለተጻፈ እርሱን ተከተለ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ገናን በታኅሣሥ 29 ያከበርሁ ሰው ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ በመልስ ወረቀቶቻችን ላይ «ክርስቲያኖች» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ብዙዎች»፣ «አንዳንዶች» ወይም «የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች» እየተባለ እንዲታረም አደረግሁ፤ እርስዎም ሥራዎን በዚህ እርማት ይጀምሩ።

ቁም ሣጥኑ

በእያንዳንዱ የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ጥግ ለማስተማሪያ የሚሆኑ ንዋያተ ቅድሳት የተከማቹበት አንድ ቁም ሣጥን አለ። ቁልፉን በተረከቡበት ዕለት ሁሉንም አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ሦስት ወር ቆየሁ። ከዕለታት አንድ ቀን የ9ኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ሙስሊም ልጅ የጸሎት ምንጣፍ አምጪ ብዬ ልኬአት፣ ሣጥኑን ከፍታ ዝም ብላ ቆመች፤ ቀርቤ ባይ፣ የቁርኣን ቅጂ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በላዩ የሻማ መቅረዝና የተሰበረ የቡድሃ ምስል ተጭኖበት፣ አጠገቡም የድራማ ክፍል ያመጣው አሮጌ ጫማ ነበረ። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም፤ መቅረዙን አንሥታ፣ መጽሐፉን በሻርፗ ጫፍ ይዛ፣ ከሁሉ በላይ ወዳለው መደርደሪያ አወጣችው። ስለ እስልምና ሁለት ሳምንት ያህል አስተምሬአት ነበር።

ስለዚህ ቁርኣንን ከሁሉ በላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ። የቶራ ጥቅልል አምሳያ ካለዎት ጽሑፉ በጣት ሳይሆን በብሩ መጠቆሚያ እንደሚከተሉት ያሳዩበት። ሲኮች መጽሐፋቸውን እንደ ሕያው ጉሩ ስለሚያከብሩትና የራሱ ክፍል ስለሚያስፈልገው፣ ሙሉው ጉሩ ግራንት ሳሂብ በቁም ሣጥን ውስጥ ሊገኝ አይገባውም፤ ለማስተማሪያ ምስሉ ይበቃል። የእኛም መስቀልና ጽና ከዚያ ሣጥን ውስጥ እንደ አሻንጉሊት ሲንከባለል ባገኘው ምን እንደሚሰማኝ አስቤ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

«አንድም»

አሁን ወደ ፈተናው እመጣለሁ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ። በ2016 ማስተማሩ ተጀምሮ በ2018 መጀመሪያ የተፈተኑበት አዲሱ የጂሲኤስኢ ሥርዓት እያንዳንዱ ተፈታኝ ቢያንስ ሁለት ሃይማኖቶችን እንዲያጠና ያስገድዳል። የትኞቹን ሁለት? ብዙ ኃላፊዎች በተማሪዎቻቸው ብዛት ይመርጣሉ፤ እኔ ግን መምህራኑ ጠልቀው የሚያውቁትን፣ ባለቤቶቹንም ክፍል ድረስ ጋብዘው ሊያመጧቸው የሚችሉትን ይምረጡ እላለሁ።

ኤኪውኤ በተባለው የፈተና ድርጅት በእያንዳንዱ ርእስ ሥር አምስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ማርካቸውም 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 12 ነው። ከ24ቱ እኩሌታው በመጨረሻይቱ ጥያቄ ላይ መሆኑን ያስተውሉ። ይህችም ጥያቄ አንድ አባባል አቅርባ ተማሪው የሚደግፈውን ክርክር፣ የሚቃወመውን ክርክር፣ የሃይማኖቱን ትምህርት ማስረጃ፣ በመጨረሻም ምክንያት ያለው ፍርድ እንዲሰጥ ትጠይቃለች። ልጆቹ ይህችን ጥያቄ ይፈሯታል። እንግሊዛውያን ባልደረቦቼ በአራት ፊደል ምሕጻር፣ በሠንጠረዥና ባዶ ቦታ በማስሞላት ሊያስለምዷቸው ይደክሙ ነበር፤ የሚወጣው ጽሑፍም «አንዳንዶች ይስማማሉ፣ ሌሎች አይስማሙም፣ እኔ በመካከል ነኝ» የሚል ባዶ ነገር ነበረ።

እኔ አንድ ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሰሌዳው ላይ በእኛው ፊደል «አንድም» ብዬ ጻፍሁና፣ በአገሬ መጻሕፍት ቤት የኔታ አንዱን ቁጥር በግዕዝ አንብበው፣ ነጠላ ትርጉሙን ሰጥተው፣ ከዚያ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትርጓሜ እንዴት እንደሚያወርዱት ነገርኋቸው። ከዚያም «ድኾችን መርዳት ከጸሎት ይበልጣል» የሚል አባባል አቅርቤ፣ በአፍ ብቻ፣ እያንዳንዱ «አንድም» ብሎ እንዲጀምር አዘዝሁ። አንዱ ልጅ፣ «አንድም፣ ጸሎት ረኃብ አያስታግሥም» አለ። ሁለተኛዋ፣ «አንድም፣ ሙስሊም ጸሎትንም ዘካትንም ታዝዟልና አንዱን በሌላው መለወጥ አይችልም» አለች። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የማይናገር የነበረ ልጅ፣ «አንድም፣ የሚጸልይ ሰው ነው የሚረዳው፤ ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ሁለት ያልሆነውን ነገር ሁለት አድርጎታል» አለ። ይህ የሙሉ ማርክ መልስ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ደብቄው ብሄድ አታለልሁ ማለት ነው። መተርጉማኑ ብዙ ጊዜ አንድምታውን ሁሉ ደርድረው አንዱን ሳይጥሉ ያልፋሉ፤ ፈታኙ ግን የትኛው እንደሚበልጥና ስለ ምን እንደሚበልጥ ካልተነገረው ከፍተኛውን ማርክ አይሰጥም። ስለዚህ በአፍ የተነገሩትን ከጻፉ በኋላ ተማሪዎቹ ደካማውን አንድምታ በብዕር እንዲሰርዙና ለምን እንደሰረዙት በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲያስረዱ ያድርጉ። ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ከ7ኛው ዓመት ጀምሮ ቢያለማምዱ፣ 11ኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ጥያቄይቱ አታስፈራቸውም።

ወላጅ ሲመጣ

ወላጅ ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት በሙሉ ወይም በከፊል የማውጣት መብት አለው፤ ምክንያቱንም የመናገር ግዴታ የለበትም። ደብዳቤ ሲደርስዎት በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይመልሱ፤ ለርእሰ መምህሩ ያሳውቁ፤ ወላጁን ለሻይ ይጋብዙ እንጂ ለክርክር አይጥሩ። ልጁ በዚያ ሰዓት የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጠብቀው በጊዜ ይወስኑ፤ ውሳኔውንም በየዓመቱ ይከልሱ።

አንድ ጊዜ ለመስጊድ ጉብኝት ስንዘጋጅ አንዲት የአገራችን ሴት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ መጥተው፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጄን መስጊድ አልልክም። በስንት ጾምና ጸሎት ያሳደግኋት ናት» አሉኝ። እኔም፣ «እናቴ፣ መብትዎ ነው፤ ለምን ብዬ አልጠይቅዎትም። ቢፈቅዱልኝ ግን ደብተሯን ላሳይዎት» አልኋቸው። ገጹን እየገለጡ ቆይተው፣ የአክሱሙ ንጉሥ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ «ይኼማ የእኛው አይደለም እንዴ?» አሉ። እርስዎ ምናልባት ከዚህ በኋላ ልጅቱ መስጊድ ሄደች ብዬ የምጽፍ ይመስልዎታል፤ አልሄደችም። እናቲቱ ከትምህርቱ አላስወጧትም፤ ጉብኝቱን ግን እንቢ አሉ። እኔም ለዚያ ቀን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ሰጠኋት። ግማሽ ፈቃድ ሲያገኙ አመስግነው ይቀበሉ፤ ሙሉውን ለመንጠቅ የሞከረ ኃላፊ ግማሹንም ያጣል።

ስለ ጉብኝቱ ራሱ ብዙ አልልም። በለንደን ላለ ሰው በኒዝደን በ1995 የተመረቀው፣ ድንጋዩ በህንድ አገር ተጠርቦ የመጣው የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ በሳውዝሆል ያለው የሲኮች ጉርድዋራ፣ ከ1701 ጀምሮ የሚጸለይበት የቤቪስ ማርክስ ምኩራብ ሁሉም በባቡር የሚደረስባቸው ናቸው። አስቀድመው ብቻዎን ሄደው ይዩ፤ መስጊድን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ፣ ምኩራብን ቅዳሜ ለጉብኝት አይጠይቁ፤ ካልሲው የተቀደደ ልጅ ጫማ ሲያወልቅ እንዳያፍር ትርፍ ካልሲ በቦርሳዎ ይያዙ። የገንዘብ እጥረት ካለም ብሪቲሽ ላይብረሪ በነጻ ይገባል፤ በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስ፣ በአብዛኛው የሚገኘው እዚያ ነው። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍታችንም ብዙዎቹ በዚያው ቤት ናቸው፤ ተማሪዎች «እንዴት መጡ?» ብለው ሲጠይቁ እውነቱን ይንገሯቸው።

በሰኔ

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ የፈተና ግርግር ካለፈ በኋላ፣ የሚያደርጉት አንድ ነገር ይቀራል። ከ8ኛው ዓመት ደብተሮች መካከል ሳይመርጡ አሥሩን ያንሡ፤ ስለ አንዱ ሃይማኖት የተጻፉትን ገጾች የልጆቹን ስም ሸፍነው ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፤ ከዚያም የዚያ ሃይማኖት ተከታይ ለሆነ አስተዋይ ሰው ሰጥተው፣ «የእርስዎ ያልሆነውን ሁሉ በእርሳስ ያስምሩበት» ብለው ይለምኑ። ከመምህራን፣ ከወላጆች፣ ከሳክሪ ጉባኤም ቢሆን የሚገኝ ሰው አይጠፋም። ማርክ እንዲሰጥ ግን አይጠይቁት።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት በትምህርት ቤታችን ሒሳብ ለሚያስተምር ሙስሊም ባልደረባችን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቶቹን በጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከአሥሩ በሰባቱ ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስምሮበታል፤ «ሙስሊሞች በረመዳን ቀኑን ሙሉ ይራባሉ» የሚል ነው። ሰባት ልጆች አንድ ቃል የጻፉት ከአንድ ምንጭ ቢቀዱት መሆኑ ግልጽ ነበርና ለመምህራኑ የሰጠሁትን ማስታወሻ ፈልጌ ባየው ቃሉ የእኔው ሆኖ ተገኘ። በአንደኛው ወረቀት ኅዳግ ላይ ባልደረባችን በደቃቅ ጽሕፈት «እንጾማለን እንጂ አንራብም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያንን ገጽ በመስከረም፣ እርሱን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እንደገና ጻፍሁት።